አዲሱን የቤት ኮምፒውተር ለሳይንስ ደቦ እንዴት እናዘጋጃለን?

አዲስ ኮምፒውተር ቤት ሲገባ የመጀመሪያው ሳምንት ግርግር ነው። ልጆች ይሻሙበታል፣ ጎረቤት ፊልም ሊያስጭን ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ነገሩ ይበርዳል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ በርቶ ቢውልም አብዛኛው ጉልበቱ ሥራ ፈት ነው። ደብዳቤ መጻፍና ዩቲዩብ ማየት ለዛሬ ፕሮሰሰር ከምንም አይቆጠርም።

ይህን ትርፍ ጉልበት ለሳይንስ ማዋጣት ይቻላል። አሠራሩ ደቦ ነው። ተመራማሪዎች አንድን ግዙፍ ስሌት ይቆራርጡታል። የእያንዳንዱ ፈቃደኛ ኮምፒውተር አንዷን ቁራጭ ይወስዳል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን በኢንተርኔት ይመልሳል። ወንፈል ግን አይደለም። ተራ ደርሶ የሚመለስልን ጉልበት የለም፣ ገንዘብም አይከፈልበትም።

ሰፊው ሕዝብ ይህን ያወቀው በ1999 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው ሴቲ አት ሆም ነው። ከሕዋ የሚመጡ የሬዲዮ ምልክቶችን የሚፈትሽ ፕሮጀክት ነበር። በ2020 አዲስ ሥራ ማከፋፈል አቆመ። ከእሱ የተወለደው ቦይንክ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ግን ዛሬም ብዙ ፕሮጀክቶችን ያገለግላል። እኛም የምንጭነው እሱን ነው።

እኔ ደሴ ቤቴ ውስጥ ነው የማሠራው። ከመጫኑ ይልቅ ያስቸገረኝ ኮምፒውተሩን ሳይጎዱ ማቆየት ነበር። ስለዚህ ከቦታው ልጀምር።

ቦታ መምረጥ

ስሌት ሙቀት ያመጣል። ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት ሳያርፍ ሲሠራ ማራገቢያው ሙቀቱን ማውጣት አለበት። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ይረዳል። ግን አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ደግሞ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ማራገቢያው ያው ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ብርዱን ብቻ አይታችሁ አትዘናጉ።

በሐረጎ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ አየሩ ትንሽ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። እዚያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሯን የምታሠራው ማታ ማታ ብቻ ነው። ልክ ናት።

ኮምፒውተሩን ቡፌ ውስጥ አትዝጉበት። ምንጣፍ ላይም አታስቀምጡት። ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ። ከቡና ማፍያው ቦታም አርቁት። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በሦስተኛው ወር ክዳኑን ስከፍት የማራገቢያው ክንፎች ግራጫ ለብሰዋል። አቧራ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት፤ ተጣበቀብኝ። ሳሸተው ዕጣን ነው። እናቴ በየቀኑ የምታጨሰው ዕጣን ከአቧራው ጋር ተለውሶ ክንፉ ላይ ጋግሯል።

«እማዬ፣ ረከቦቱን ወደዚያኛው ጥግ ብናደርገውስ?» አልኳት።

«ረከቦቱ ከቦታው የት ይሄዳል? ያንተን ዕቃ አንሳ እንጂ» አለችኝ።

አነሳሁት። አሁን በየሁለት ወሩ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅዬ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በለስላሳ ብሩሽ እጠርገዋለሁ።

መብራት

መብራት ሲሄድ ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ተመልሶ ሲመጣ ነው። ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ ይመጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በቀጥታ ተራ ዲቫይደር ላይ አትሰኩት፤ ቢቻል ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ)፣ ካልሆነ ጥሩ ስታብላይዘር ይኑረው። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ቅንብር ነው) ደግሞ መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። ጠፍቶ እንዲቆይ አድርጉት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ራሳችሁ አብሩት።

ወጪውንም አስሉት። በስሌቱ ምክንያት የሚጨምረው ፍጆታ 60 ዋት ቢሆንና በቀን 8 ሰዓት ብታሠሩት፣ በወር ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የመብራት ታሪፋችን ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም በደረጃ የሚጨምር ነው። ቤታችሁ ከደረጃው ጫፍ ላይ ከሆነ ይህቺ ጭማሪ ወደሚቀጥለው ልታሻግራችሁ ትችላለች። ቆጣሪውን ሳታዩ አትጀምሩ። የቤቱን ክፍያ የሚከፍለው ሌላ ሰው ከሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁት።

መጫንና ፕሮጀክት መምረጥ

መጀመሪያ ዊንዶውሱን አፕዴት አድርጉ። ከዚያ ቦይንክን ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ከሰው ፍላሽ አትቅዱ፣ ቫይረስ አብሮ ይመጣል። ቨርቹዋል ቦክስ ከሚባል ሌላ ፕሮግራም ጋር የተጣመረ ማውረጃ ካያችሁ እለፉት፤ ለጀማሪ አያስፈልግም፣ ዳታም ይበላል። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ያለ ፈቃድ መጫንማ አይታሰብም።

ፕሮግራሙ ሲከፈት የፕሮጀክቶች ዝርዝር ያመጣል። አንዱን መርጣችሁ በኢሜይል ትመዘገባላችሁ። ሮዜታ አት ሆም የፕሮቲኖችን ቅርጽ ያሰላል። መነሻው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዴቪድ ቤከር ላብራቶሪ ነው፤ ቤከር በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። የኦክስፎርዱ የአየር ንብረት ፕሮጀክት ግሩም ሥራ ነው፣ ግን የሚልከው ፋይል ትልቅ ነው። በሞባይል ዳታ የምትጠቀሙ ከሆነ ተዉት።

እኔ የምሠራው ለአይንስታይን አት ሆም ነው። ፑልሳር የሚባሉትን፣ እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ሞገድ የሚረጩ የሞቱ ከዋክብት ይፈልጋል። በ2010 ከአሬሲቦ ቴሌስኮፕ መረጃ ውስጥ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ፑልሳር ተገኘ። ያገኙት አሜሪካ ያሉ ባልና ሚስትና ጀርመን ያለ አንድ ሰው ኮምፒውተሮች ናቸው። ተራ ኮምፒውተሮች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ማታ የማራገቢያው ድምፅ አይረብሸኝም።

ዋናው ሥራ፦ ገደብ ማበጀት

ኦፕሽንስ ውስጥ ኮምፒውቲንግ ፕሪፈረንስስ የሚለውን ክፈቱ። አትቸኩሉ፣ ጊዜ የሚሰጠው እዚህ ነው።

የሲፒዩውን (የፕሮሰሰሩን) ብዛት 50 በመቶ አድርጉ። ኮር የሚባለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው፤ ባለ 8 ኮር ኮምፒውተር ቢሆን በ4ቱ ብቻ ይሠራል ማለት ነው። ከሥሩ የሲፒዩ ጊዜ የሚል ሌላ በመቶኛ አለ፤ እሱን 100 ላይ ተዉት። እሱን ከቀነሳችሁ ፕሮግራሙ ስሌቱን በየሰከንዱ እያቆመ ያስነሳዋል፣ ሙቀቱም ከፍ ዝቅ ይላል። ኮር መቀነስ ይሻላል።

ላፕቶፕ ከሆነ በባትሪ ሲሆን እንዲያቆም የሚለው ምልክት ይደረግበት። ዩፒኤሱን በዩኤስቢ ገመድ ካገናኛችሁት ዴስክቶፕም መብራት ሲሄድ በባትሪ እንዳለ ያውቅና ስሌቱን ያቆማል። በጣም ይጠቅማል።

ቼክፖይንት የሚለው 60 ሰከንድ ይሁን። ስሌቱ የደረሰበትን በየጊዜው ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበት ነው። መብራት ድንገት ድርግም ቢል የሚጠፋው ከመጨረሻው ቼክፖይንት ወዲህ ያለው ብቻ ነው።

ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ የአንድ ቀን ሥራ ቀድሞ እንዲያወርድ አድርጉ። ከዚያ በላይ አታከማቹ። እያንዳንዱ ቁራጭ የመመለሻ ቀን አለው፤ ካለፈ ለሌላ ሰው ይሰጥና ልፋታችሁ ከንቱ ይቀራል።

ኔትወርክ በሚለው ክፍል በስንት ቀን ስንት ሜጋባይት እንደሚፈቀድ መወሰን ይቻላል። የሌሊት ጥቅል የምትገዙ ከሆነ ፋይል የሚያመላልስበትን ሰዓት ከጥቅሉ ሰዓት ጋር አስማሙት።

ሙቀቱን መለካት

ኮር ቴምፕ ወይም ተመሳሳይ ነፃ መለኪያ ጫኑ። ስሌቱ አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ እዩ። እኔ ከ80 ዲግሪ እንዲያልፍ አልፈቅድም። ካለፈ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ አውርዱት። ቀልድ ይመስላል፣ ግን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ያጠፋዋል፤ ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙም አይጎዳም። ይህን ሁሉ የሱቁ ዋስትና ሳያልቅ ሞክሩት። ጉድለት ያለበት ዕቃ ከባድ ሥራ ላይ ቶሎ ይለያል።

ስክሪኑን አጥፉት፣ ኮምፒውተሩ ግን እንዳይተኛ አድርጉ። ከተኛ ስሌቱም ይቆማል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በፕሮጀክቱ ገጽ ላይ አካውንታችሁን ተመልከቱ። አንዳንድ ሥራዎች ገና በመጠባበቅ ላይ ናቸው ይላል። አትደንግጡ። አንዱን ቁራጭ ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰው ይልኩና ውጤቶቹን ያስተያያሉ፤ ያ ሌላው ሰው እስኪመልስ ነው የሚጠበቀው። ስህተት የሚል ከበዛ ግን ኮሩን ቀንሱ፣ ሙቀቱንም እንደገና ለኩ።

ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ኮምፒውተሩን ዝም ብላችሁ አትንቀሉት። ከሁለት ቀን በፊት ኖ ኒው ታስክስ የሚለውን ተጫኑ። የያዘውን ጨርሶ ይልካል፣ አዲስ አይቀበልም። ከዚያ አጥፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ።