ፋይሉን ያጠፋው ሆን ብሎ እንደሆነ እንዴት ታስረዳለህ?

የተሰናበተ ሠራተኛ ማታ ገብቶ የሦስት ዓመት ሂሳብህን ድራሹን አጠፋው እንበል። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 6 ይሄ ወንጀል ነው። ግን የፋይሉ መጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃዱ አልፎ፣ ደግሞም አስቦ እንዳደረገው መታየት አለበት።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አትነካካ። እስቲ ልመልሰው ብለህ ሶፍትዌር ስትጭን የራስህን ማስረጃ ራስህ ትደመስሳለህ። ፖሊስ ጋ ሂድ፤ ባለሙያ የሃርድ ዲስኩን ሙሉ ቅጂ ይውሰድና ምርመራው በቅጂው ላይ ይሁን።

ፈቃድ እንዳልነበረው በወረቀት ይታያል፤ የስንብት ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ለምሳሌ። ፓስወርዱን ሳትዘጋ ከርመህ ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ትቸገራለህ።

ከባዱ ሐሳቡ ነው። “በስህተት ነው” ማለቱ አይቀርም። ባለሙያው ከቅጂው የሚያወጣውን ሎግ፣ ማለትም ማን መቼ ገብቶ ምን እንዳደረገ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ተመልከት፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ገብቶ መጀመሪያ ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን)፣ ቀጥሎ ዋናውን ያጠፋ፣ በመጨረሻም ሪሳይክል ቢኑን ባዶ ያደረገ ሰው እጄ አዳልጦኝ ነው ቢል ማን ያምነዋል? “አሳይሃለሁ” ብሎ በቴሌግራም የላከልህ ካለም አስቀምጠው።

ደግሞ አካውንቱ የሱ ነው ማለት ኪቦርዱ ላይ የነበረው እሱ ነው ማለት አይደለም። ፓስወርዱን ሌላም ሰው ያውቅ ከነበረ የካሜራ ቅጂ ፈልግ፣ ዘበኛውንም ጠይቅ።