የእንግሊዝን ግሬይሃውንድ ደርቢ ታሪክ እንዴት እንከታተል?

የዚህን ዓመታዊ የውሾች ሩጫ ታሪክ ከአሸናፊዎች ዝርዝር ከጀመራችሁት ቶሎ ይሰለቻችኋል። በሜዳዎቹ ጀምሩ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ደርቢ በ1927 ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ስታዲየም ተካሄደ፤ ኢንትሪ ባጅ የሚባል ውሻ አሸነፈ። ማንቸስተር ቤል ቩ ላይ ውሾች በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሰው ሠራሽ ጥንቸል ማሳደድ ከጀመሩ ገና አንድ ዓመታቸው ነበር፣ ነገሩ ምን ያህል በፍጥነት እንደተስፋፋ ከዚህ ታያላችሁ። ዋይት ሲቲ በ1984 ሲዘጋ ውድድሩ ዊምብልደን ገባ፤ እስከ 2016 እዚያው ቆየ። ከዚያ ቶስተር፣ ኖቲንግሃም፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ እንደገና ቶስተር። በጦርነቱ ምክንያት ከ1941 እስከ 1944 አልተካሄደም።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የተለያየ ዘመን ሰዓቶችን ዝም ብላችሁ አታወዳድሩ። ርቀቱ ተቀያይሯል። ዋይት ሲቲ ላይ ለረጅም ጊዜ 525 ያርድ ነበር፣ ዊምብልደን 480 ሜትር፣ ቶስተር ደግሞ 500 ሜትር።

አሁን ወደ ውሾቹ። ከሚክ ዘ ሚለር ጀምሩ። አየርላንድ ውስጥ አንድ የካቶሊክ ቄስ ቤት የተወለደ፣ በ1929 እና በ1930 አከታትሎ ያሸነፈ፣ እኔ በጣም የምወደው ውሻ ነው። ቆዳው ተሞልቶ እንግሊዝ ውስጥ ትሪንግ ሙዚየም ተቀምጧል፤ መንገዱ ከቀናችሁ ሄዳችሁ እዩት። ቀጥላችሁ ሌሎቹን ሁለት ጊዜ ያሸነፉ ፈልጉ፦ ፓትሪሺያስ ሆፕ (1972፣ 1973)፣ ራፒድ ሬንጀር (2000፣ 2001)፣ ዌስትሚድ ሆክ (2005፣ 2006)።

የቆየ ቪዲዮ ስታዩ ስድስቱን ውሾች በልብሳቸው ቀለም ለዩ፤ 1 ቀይ፣ 2 ሰማያዊ፣ 3 ነጭ፣ 4 ጥቁር፣ 5 ብርቱካናማ፣ 6 ጥቁርና ነጭ መስመር። ሩጫው ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳያመልጣችሁ።