የስፕሪንት ሥራን በፕላኒንግ ፖከር እንዴት መገመትና ማቀድ ይቻላል?

ፕላኒንግ ፖከር በአጃይል ስልት፣ ማለትም ሥራን ስፕሪንት በሚባሉ አጫጭር ዙሮች ከፋፍሎ፣ የሚሠራ ቡድን አባላት የሥራን ስፋት በካርድ የሚገምቱበት ዘዴ ሲሆን፣ ጄምስ ግሬኒንግ በ2002 እ.ኤ.አ. ጽፎበት ማይክ ኮን በኋላ በሰፊው አስተዋውቆታል። ትልቁ ጥቅሙ የሚገኘው ግምቶች ሲለያዩ ከሚደረገው ውይይት ነው።

በቅድሚያ ቡድኑ ሠርቶ የጨረሰውንና ሁሉም አባል በደንብ የሚያውቀውን አንድ አነስተኛ ሥራ መርጠው 3 ነጥብ (ነጥብ የሥራ ስፋት መለኪያ ነው) ብለው ይያዙት፤ ሌሎቹ ከእሱ ጋር እየተነጻጸሩ ይገመታሉ። ነጥብን በሰዓት መመንዘር አያስፈልግም፤ ጀማሪና ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራው በሚፈጀው ሰዓት ባይስማሙም፣ አንዱ ሥራ የሌላው እጥፍ መሆኑን ግን ሊስማሙበት ይችላሉ።

ቀጥሎ የፕሮዳክቱ ባለቤት (ቡድኑ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ሰው) ሥራውን አንብቦ ጥያቄዎችን ይመልሳል። ከዚያም እያንዳንዱ አባል 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 20፣ 40 እና 100 ከተጻፈባቸው ካርዶች አንዱን መርጦ ደፍቶ ያስቀምጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ። ይህ ሊታለፍ አይገባም፤ በተለይ ታላቅን ማክበር በተለመደበት ቢሮ አንጋፋው ቀድሞ «ይህማ 3 ነው» ካለ፣ ጀማሪው ያሰበውን 8 ውጦ ዝም ይላል።

ግምቶቹ ከተራራቁ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ያወጡት ሰዎች ምክንያታቸውን ያስረዱ። ለምሳሌ «ደንበኛው በቴሌብር ይክፈል» የሚል ሥራ ቀርቦ ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ዴቨሎፐር 3፣ የምትፈትሸው ቴስተር 13 ቢያወጡ፣ አማካዩን ወስዶ ማለፍ ትልቅ ስህተት ነው። ዴቨሎፐሩ ያሰበው የክፍያ ጥያቄውን መላክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ቴስተሯ ግን ገንዘቡ ከደንበኛው ተቆርጦ ማረጋገጫው በኔትወርክ መቋረጥ ሳይደርስ ቢቀር ትዕዛዙ ምን እንደሚሆን፣ ደንበኛው ሁለተኛ ጊዜ ቢከፍል ትርፉ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ አስባለች። ማንም ያልጻፈው የሥራው ክፍል የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ከውይይቱ በኋላ ካርድ በድጋሚ ይወጣል፤ ግምቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራውን ይከፋፍሉት።

በመጨረሻ ስፕሪንቱን ያቅዱ። ባለፉት ሦስት ስፕሪንቶች 18፣ 24 እና 21 ነጥብ ተጠናቆ ከሆነ ለቀጣዩ 21 ገደማ ይያዙ፤ በጅምር የቀረ ሥራ አይቆጠርም። የፋሲካ ሳምንት ከገባበት ወይም ፈቃድ የሚወጣ አባል ካለ ቁጥሩን ይቀንሱ። ቁጥሩ ለቡድኑ ዕቅድ ብቻ ይዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሁለት ቡድኖችን በነጥብ ማወዳደር ከጀመረ፣ ቀድሞ 3 ይባል የነበረው ሥራ 5 መባል ይጀምርና በእሱ ላይ የተመሠረተው ዕቅድ ይበላሻል።