ቀይ ቀበሮ ባይኖር ጓሳው ምን ይሆን ነበር? የአንድን አውሬ የሥነ ምህዳር ሚና በመኖሪያው ላይ ማጥኛ መመሪያ

ቀይ ቀበሮ አይጥ እንደሚበላ የመንዝ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ያንኑ በቁጥር አስደግፎ መጻፍ የሚናው ጥናት አይባልም። የሚከብደው ጥያቄ ቀበሮው ባይኖር ጓሳው፣ ማለትም የደጋው የሣር ሜዳ፣ ላይ ምን ይለወጥ ነበር የሚለው ነው። እዚያ ለመድረስ ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን መለካት ያስፈልጋል፦ እንስሳው ከአካባቢው የወሰደውን፣ በአካባቢው የነበረውን፣ አብረውት የሚኖሩት ፍጥረታት የሚያደርጉትን። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የመጀመሪያውን ለክተው ያቆማሉ። ሁለተኛውን ያልለካ ሰው ግን ቀበሮው መርጦ ይብላ ወይም ያገኘውን ይብላ መለየት አይችልም።

ይህ መመሪያ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራን መነሻ ያደረገ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ የሚደርስ ውርጭማ ደጋ ሲሆን የአካባቢው ሰው ለዘመናት ቄሮ በሚባል፣ ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ ለአጨዳና ለግጦሽ በሚከፍት ባህላዊ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ፣ ተኩላ፣ ፍልፈልና የሣር አይጥ በአንድ ሜዳ ላይ ስለሚገኙበት ለዚህ ዓይነት ጥናት የተመቸ ነው። በባሌ ተራሮች፣ በሳነቴ አምባ ላይ የምትሠሩ ከሆነ አካሄዱ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ዋናው ታዳኝ በባሌ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ ፍልፈል መሆኑ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

ፈቃዱን ከጥበቃ ሥፍራው ጽሕፈት ቤትና ከሚመለከተው የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያዙ። ናሙና ሰብስባችሁ ወደ ቤተ ሙከራ የምታጓጉዙ ከሆነ ናሙናው በፈቃዱ ላይ በስም ይጠቀስ። ቀጥሎ ከጥበቃ ሠራተኞችና ከእረኞች ጋር ሁለት ሦስት ቀን በእግር ዙሩ። የቀበሮ መንጋ የቱ ጋ እንደሚያድር፣ የትኛው ሸለቆ በጠዋት በጉም እንደሚሸፈን፣ የመንደር ውሻ እስከየት እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት አስቀድማችሁ ተከተቡ። በሽታው በተለይ በባሌ የቀይ ቀበሮ መንጋዎችን ደጋግሞ የፈጀ ነው። ሞቶ ያገኛችሁትን ቀበሮ አትንኩ፤ ቦታውን በጂፒኤስ ይዛችሁ በዚያው ቀን ለጠባቂዎች ንገሩ። ውሻ ይዞ መውጣትማ ጨርሶ አይታሰብም።

በሰዓት አቆጣጠር ላይም ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ። ረዳታችሁ «2 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ ጂፒኤሱና ካሜራው 8:00 ይላሉ። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ በኢትዮጵያና በፈረንጆች አቆጣጠር የተቀላቀለ መዝገብ ከወራት በኋላ ማንም አይፈታውም። አንዱን ምረጡና በእያንዳንዱ ቅጽ ራስጌ ላይ የትኛው እንደሆነ ጻፉ።

መከታተል

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በመንጋ ነው፤ የሚያድነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀን ቀን፣ ለብቻው ነው። መንጋው ጎሕ ሲቀድና ሲመሽ ተሰብስቦ ድንበሩን ይዞራል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከፍ ያለ ቦታ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ መንጋው ሲበተን አንድ ቀበሮ ምረጡና እሱን ብቻ ተከተሉ። በጆሮው ቁራጭ፣ በጉሮሮውና በደረቱ ነጭ ምልክት፣ በጅራቱ ቅርፅ ለዩት። ርቀታችሁ ከ100 ሜትር አይነስ፤ ቀና ብሎ ደጋግሞ ካያችሁ ቀርባችኋል ማለት ነው።

በየ5 ደቂቃው የሚያደርገውን በአንድ ቃል መዝግቡ፦ ጉዞ፣ ፍለጋ፣ ዕረፍት፣ ምልክት ማድረግ፣ አይታይም። የአደን ሙከራን ግን በየ5 ደቂቃው አትጠብቁ፤ በተደረገ ቁጥር ሁሉ ጻፉት። አድብቶ ተጠጋ ወይስ ቆፈረ? ያዘ ወይስ ሳተ? የያዘው ምንድን ነው? ለዓይን የሚደምቀው የተያዘው አይጥ ስለሆነ አብዛኛው ተመልካች የሳተውን ሳይጽፍ ያልፋል። የሳተው ካልተጻፈ የአደን ስኬት የሚባል ቁጥር አይኖራችሁም። «አይታይም» የሚለውም ከ«ዕረፍት» መለየት አለበት፤ ቀበሮው ከጉብታ ጀርባ የቆየባቸውን 40 ደቂቃዎች በዕረፍት ከቆጠራችሁ በሰዓት ስንት እንደሚይዝ የምታሰሉት ሁሉ ይወድቃል።

ክትትል ሚናን ሊያሳይ የሚችለው ንጽጽር ሲኖረው ነው። ለዚህ ጥሩው ምሳሌ እዚያው ጓሳ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት ነው። ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድኑ ከሙከራቸው 67 በመቶው ሲሳካላቸው፣ ከጭላዳ ርቀው ሲያድኑ የተሳካላቸው 25 በመቶው ብቻ ነበር። ይህ የታወቀው ተመልካቾቹ ሁለቱንም ሁኔታ በአንድ ዓይነት ቅጽ ስለመዘገቡ ነው። እናንተም በእያንዳንዱ ሙከራ መስመር ላይ በ50 ሜትር ውስጥ ጭላዳ፣ ከብት፣ ሰው ወይም ሌላ ቀበሮ መኖሩን የሚሞላ ዓምድ አስገቡ። በኋላ ከትዝታ አይሞላም።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ግልገሎች ይወለዳሉ። ወደ ጎሬው አትጠጉ፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን በውርጭ ውስጥ ወደ ሌላ ጎሬ ታዛውራለች።

ኩስ መሰብሰብና መመርመር

ከሥራው ሁሉ ብዙ መረጃ የሚሰጠው ይህ ነው፤ ብዙ ስሕተት የሚገባበትም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የማንን ኩስ እንዳነሡ አለማወቅ ነው። ጓሳ ላይ ተኩላም አለ፣ የመንደር ውሻም ይወጣል። ጀማሪ ሰው «የአይጥ ፀጉር ካለበት የቀይ ቀበሮ ነው፣ የበግ ፀጉር ካለበት የተኩላ ነው» እያለ ይለያል፤ ከዚያ ቀይ ቀበሮ አይጥ ብቻ እንደሚበላ «ያረጋግጣል»። መልሱን አስቀድሞ በምርጫው ውስጥ ስላስገባው ጥናቱ ያለቀው ገና ሳይጀመር ነው። በይዘቱ ፈጽሞ አትለዩ። ቀበሮው ሲጥለው ያያችሁትን ብቻ ውሰዱ፤ ካልሆነም ከእያንዳንዱ ኩስ ጥቂት ለዲኤንኤ ምርመራ ለይታችሁ አስቀምጡ። መንጋው ድንበሩን በሚያስስበት መንገድ ላይ በጉብታና በሣር ጉቶ አናት የሚተዉትን ፈልጉ፤ መንገዱን በመጀመሪያው ቀን ጠርጋችሁ በየ15 ቀኑ ከተመለሳችሁ ዕድሜውንም ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው ጤናችሁን ይመለከታል። በውሻ ዘር እንስሳት ኩስ ውስጥ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የውኃ ከረጢት የሚፈጥር የኮሶ ትል ዘመድ እንቁላል ሊኖር ይችላል። ይህን እንቁላል አልኮልም ፎርማሊንም አይገድለውም፤ ሙቀት ግን ይገድለዋል። ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጉ፣ እያንዳንዱን ኩስ በየራሱ የወረቀት ከረጢት አስቀምጡ (ላስቲክ ያሻግተዋል)፣ ቀን፣ ቦታና መለያ ቁጥር በእርሳስ ጻፉ። የዲኤንኤውን ክፍል ሳታሞቁ ለይታችሁ፣ የቀረውን ሳትነካኩ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ከ12 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ አቆዩ።

ከዚያ ኩሱን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋችሁ በ1 ሚሊ ሜትርና በ0.5 ሚሊ ሜትር ወንፊት እጠቡ። የቀረውን በነጭ ሳህን ላይ አድርቃችሁ ፀጉር፣ ጥርስ፣ አጥንት፣ ሣር እያላችሁ ለዩ። የፍልፈል የፊት ጥርስ ሰፊና ብርቱካናማ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል። የሣር አይጦችን ግን በመንጋጋ ጥርሳቸው ገጽ ነው መለየት የሚቻለው፤ ስለዚህ በወጥመድ ከሞቱ አይጦች የራስ ቅልና ፀጉር አስቀድማችሁ ማነጻጸሪያ አዘጋጁ። ለፀጉር፣ በመስታወት ላይ ቀጭን የጥፍር ቀለም ቀብታችሁ ፀጉሩን አስተኙበት፤ ሊደርቅ ሲል አንሡትና የቀረውን ቅርፊት መሳይ አሻራ በማይክሮስኮፕ እዩ። ከአንድ ኩስ ቢያንስ 20 ፀጉር ከተለያየ ቦታ ውሰዱ።

ሲቆጠር ደግሞ «በስንት ኩስ ውስጥ ተገኘ» የሚለው ብቻውን ያሳስታል። አንድ ፍልፈልና አንድ ትንሽ አይጥ እኩል ነጥብ ያገኛሉ፣ የሥጋቸው መጠን ግን አይገናኝም። የታችኛውን መንጋጋና የፊት ጥርሱን ጥንድ ቆጥራችሁ ዝቅተኛውን የታዳኝ ብዛት አውጡ፤ ያንን በዓይነቱ አማካይ ክብደት አባዙት። በክረምትና በበጋ ለየብቻ ሥሩ፤ አዲስ የታዳኝ ዓይነት መታየቱ እስኪቆም ድረስ መሰብሰብ አታቁሙ።

በሜዳው ላይ የነበረውን መቁጠር

የሣር አይጥ ለመቁጠር በሕይወት የሚይዝ የሳጥን ወጥመድ በ7 በ7 ረድፍ፣ በ10 ሜትር ልዩነት ዘርጉ፤ 49 ወጥመድ ማለት ነው። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤና አጃ ይሁን። በየወጥመዱ ውስጥ አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር ወይም ጥጥ ካላስገባችሁ አይጦቹ በሌሊት ውርጭ ያልቃሉ፤ ቆጠራውም አብሮ ይበላሻል። ቀበሮ የሚያድናቸው አይጦች ቀን የሚንቀሳቀሱ ስለሆኑ በጠዋት ብቻ መፈተሽ አይበቃም፤ በ3 ሰዓት፣ በ7 ሰዓትና ከቀኑ 11 ሰዓት ተመልከቱ። የተያዘውን መዝናችሁ ከጀርባው ጥቂት ፀጉር በመቀስ ቆርጣችሁ ልቀቁት።

ለማሳያ፣ በመጀመሪያው ዙር 24 ምልክት አድርጋችሁ ለቀቃችሁ እንበል። በሁለተኛው 30 ያዛችሁ፣ ከነዚህ 10ሩ ምልክት አለባቸው። ስሌቱ (24+1) × (30+1) ÷ (10+1) − 1 ነው፤ 69 ገደማ ይሆናል። አሁን ስንት ሄክታር ላይ? ረድፉ 60 በ60 ሜትር ነው፤ አይጦቹ ግን ከዳር ውጭም ይመጣሉ። በየጎኑ 5 ሜትር ብትጨምሩ 0.49 ሄክታር፣ ባትጨምሩ 0.36 ይሆናል። በሄክታር 141 እና 192፤ የዳሩ ነገር ብቻ ይህን ያህል ያዛባል። የወሰዳችሁትን ዳር ሁልጊዜ በጽሑፉ ውስጥ ግለጹ።

ፍልፈል በሳጥን ወጥመድ አይገባም። 20 በ20 ሜትር ክልል ቀይሱና የተከፈተውን ጉድጓድ ሁሉ በአፈር ድፈኑ፤ በማግሥቱ እንደገና የተከፈተውንና አዲስ የተቆለለውን አፈር ቁጠሩ። የቆየ ቁልል መቁጠር የሞቱ ፍልፈሎችን መቁጠር ነው።

ሁለቱን ማገናኘት

በኩሱ ውስጥ ያለውን ድርሻ በሜዳው ላይ ባለው ድርሻ አካፍሉ። አንድ ዓይነት አይጥ በኩሱ 60 በመቶ፣ በሜዳው 40 በመቶ ከሆነ ውጤቱ 1.5 ነው፤ ከ1 መብለጡ መረጣውን ያሳያል። ቆጠራው ግን ቀበሮው በሚያድንበት ሣር ላይና በዚያው ወቅት የተደረገ መሆን አለበት። ለመኪና ስለሚመች ብቻ ከመንገድ ዳር የተዘረጋ ወጥመድ ሌላ ሜዳን ነው የሚለካው።

ቀበሮው የአይጦችን ቁጥር ይገድባል ለማለት ደግሞ አንድ ደረጃ ይቀራል። በሚታይባቸው ሰዓታት በሰዓት ስንት እንደያዘ አስሉ፤ በቀኑ የአደን ሰዓት፣ በመንጋው ብዛትና በወሩ ቀናት አባዙት፤ በመንጋው ግዛት ውስጥ ካለው የአይጥ ቁጥር ጋር አስተያዩት። አይጥ ፈጥኖ ስለሚራባ የሚወሰደው ድርሻ ትልቅ መስሎ ቁጥሩ ላይቀንስ ይችላል። ከእነዚያው አይጦች የሚካፈሉትን ጭልፊቶችና ንስሮች በየሰዓቱ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ቁጠሩ፤ እነሱን ሳይቆጥሩ የአይጡን መቀነስ ሁሉ ለቀበሮ መስጠት አይገባም።

ሣሩንም አትርሱ። በፍልፈል ቁልል ላይ 20፣ ከቁልሉ በ5 ሜትር ርቀት ላይ ሌላ 20 ቦታ 1 ሜትር በ1 ሜትር ለክታችሁ የሸፈነውን ዕፅ በመቶኛ መዝግቡ። በኋላ ቀበሮ የበዛበትንና ያነሰበትን ሸለቆ ስታነጻጽሩ ልዩነቱ እስከ ሣሩ ድረስ መውረድ አለመውረዱን የሚነግራችሁ ይህ ነው። ሁለቱ ሸለቆዎች በከፍታ፣ በግጦሽና ጓሳው ለአጨዳ በተከፈተበት ዓመት መመሳሰላቸውን ከጠባቂዎቹ መዝገብ አረጋግጡ፤ ዘንድሮ የታጨደን ሜዳ ሦስት ዓመት ከታጠረ ጋር ብታወዳድሩ የምትለኩት ማጭድን ነው።