ስቴንቱ መድኃኒት ቢቀባም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«የገባልኝ ስቴንት መድኃኒት የተቀባ ነው፤ ታዲያ ክኒኑ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይኸው ነው። ስቴንት የጠበበ የልብ ደም ሥርን ከፍቶ ለመያዝ ውስጡ የሚገባ የብረት መረብ ቱቦ ነው፤ ክኒኑ ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ነው።

ደም ባዕድ ብረት ሲያገኝ ዝም አይልም። በሰከንዶች ውስጥ ፋይብሪኖጅንን የመሳሰሉ ፕሮቲኖች ብረቱ ላይ ይለጠፋሉ። ፕላትሌቶች፣ ማለትም ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ሴሎች፣ እነሱን ይይዛሉ፣ ሌሎች ፕላትሌቶችንም ይጠራሉ፤ ደሙ መርጋት ይጀምራል። ስቴንቱ ላይ የሚቀባው መድኃኒት፣ ለምሳሌ ሲሮሊመስ፣ ዋና ሥራው ይህን መከላከል አይደለም። የደም ሥሩ ሲያገግም ጠባሳው ወፍሮ ቧንቧው መልሶ እንዳይጠብ ነው የሚቀባው። ችግሩ፣ የሴሎችን እድገት ስለሚገታ የደም ሥሩ የራሱ የውስጥ ገበርም ብረቱን ቶሎ አያለብሰውም። እስኪያለብሰው ድረስ ብረቱና ደሙ እንደተገናኙ ናቸው። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ወይም መሰሉ አንድ ላይ የሚታዘዙት ይህን ጊዜ ለማሻገር ነው። ብዙውን ጊዜ ለ6 ወር ገደማ፣ ሃርት አታክ ለነበረበት ሰው ደግሞ ለ12 ወር ይወሰዳሉ። ሐኪሙ የመድማት ስጋትዎን አይቶ ሊያሳጥረው ወይም ሊያረዝመው ይችላል። የዛሬዎቹ ስቴንቶች ሽቦ ቀጥኗል፣ ቅባቸውም ተሻሽሏል፤ አደጋው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛው ስህተት ጥርስ ለማስነቀል ወይም ለቀዶ ሕክምና ሲባል ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቆም ነው። ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ይነቀላል። የማያስቸኩል ቀዶ ሕክምና ከሆነ ቀኑን መግፋት ይቻላል። እባክዎ መጀመሪያ የልብ ሐኪምዎን ያማክሩ።

የሌላ ሰው ክኒን መዋስም አለ። ሰው ሠራሽ የብረት የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ጉዳይ ፈጽሞ ሌላ ነው። የቫልቩ ክንፎች በጣም በለሰለሰ ካርቦን ይሠራሉ፤ ያም ሆኖ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፣ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው አይ ኤን አርም በየጊዜው ይለካል። «አዲሱ ክኒን ምርመራ አይፈልግም» ብለው አይቀይሩ። ከእነዚህ አዳዲስ ክኒኖች አንዱ የሆነው ዳቢጋትራን በእነዚህ ታማሚዎች ላይ ሲሞከር የደም መርጋቱም መድማቱም ከዋርፋሪን በልጦ ስለተገኘ ሙከራው ቆሟል።

ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው መድኃኒት፣ በሄፓሪን፣ የተቀቡ መሣሪያዎችም አሉ። ሄፓሪኑ የሚሠራው እዚያው ብረቱ ላይ ነው፤ የመላ ሰውነትን ደም አያቀጥንም። ከዚህ በፊት በሄፓሪን ምክንያት ፕላትሌትዎ ወርዶ ከነበረ አስቀድመው ይናገሩ።

ስቴንት ያለው ሰው ደረቱን ሲያመው «እስኪነጋ ልየው» አይበል። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂድ፣ የስቴንቱን ካርድም ይያዝ።