ለእረፍት ደሴ ለመጣ አሳ አጥማጅ፦ ሐይቅ ላይ በመንጠቆ

ሐይቅ የተባለው ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማልዶ መነሳት ያዋጣል። ከውጭ የምታመጡትን መንጠቆ በሚጫነው ሻንጣ ክተቱት፤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል።

ለቆሮሶ (ቲላፒያ) 8 ወይም 10 ቁጥር መንጠቆ ይበቃል። አፉ ጠባብ ነው፤ መንጠቆው ትልቅ ከሆነ ትሉን ከዳር ለቃቅሞ ይሄዳል። «አሳ የለም» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይኼው ነው! ትሉን አሳጥራችሁ ሰኩት፣ ጅራቱ አይንጠልጠል። ናይለኑን ስትቋጥሩ ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቁን ከተሳበ ፍትጊያው ያግለውና ቋጠሮው ላይ ይበጠሳል። ቡሹን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን) ከመንጠቆው 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ሲንቀጠቀጥ ታገሱ፤ ሲሰምጥ ሳብ።

አምባዛ ሲመሽ፣ ከታች፣ በወፍራም ክር ነው። የጎን ክንፉ እሾህ ስላለው በጨርቅ ያዙት።