የጣውላው ኮምፒውተር ሲያስቸግር

በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪኑም ኮምፒውተሩም በአንድ ሳጥን ውስጥ ነበሩ። እኔም የሱን ዓይነት ከጣውላ ሠራሁ። ውስጡ ራስበሪ ፓይ 4 (መዳፍ የምታህል ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ከድሮ ላፕቶፕ የተፈታ ስክሪን፣ እሱን ከፓይው ጋር የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ ቦርድ፣ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አሉ። የአናጢነቱ ሥራ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ችግሩን ማሳደድ ግን ወር።

ሙዚቃ ስከፍት ድርግም ይላል

ብቻውን ሲሆን ደህና ነው። ድምፅ ከፍ ሳደርግ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። አንዳንዴ ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ ትላለች። ሚሞሪ ካርዱን ጠርጥሬ ሌላ ገዛሁ። ያው ነው።

መብረቋ የምትለው «ቮልቴጅ አነሰኝ» ነው፤ ከ4.63 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድ ትመጣለች። ቴስተር አውጥቼ ከ12 ወደ 5 ቮልት የሚቀንሰው ቦርድ መውጫ ላይ ለካሁ፦ 5.1። ምንም አይልም። ከዚያ ሙዚቃው እየተጫወተ ፓይው ላይ፣ ፒን 2 (5 ቮልት) እና ፒን 6 (ኔጌቲቭ) መሃል ለካሁ፦ 4.6። ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል! የበላው ከድሮ የስልክ ቻርጀር የቆረጥኩት ፀጉር የመሰለ ሽቦ ነው።

ሽቦውን ወፍራምና አጭር አድርጉት። የስፒከሩን አምፕሊፋየር ከፓይው ሳይሆን በቀጥታ ከመቀነሻው ቦርድ አብሉት። መቀነሻውም 3 አምፒር የሚል ከሆነ 5 በሚል ቀይሩት፤ ርካሾቹ የተጻፈባቸውን ያህል ሲሰጡ ይግላሉ። ስትለኩ ደግሞ ሁልጊዜ ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ይሁን።

ስክሪኑ ጨለማ ወይም ነጭ ብቻ ነው

ጨለማ ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን ባትሪ አግድም አብሩበት። ደብዛዛ ምስል ከታያችሁ ስክሪኑ ይሠራል፤ የሞተው የኋላ መብራቱ ወይም የሱ ገመድ ነው።

ነጭ ብቻ ከሆነ መቆጣጠሪያ ቦርዱና ስክሪኑ አልተግባቡም ማለት ነው። ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን የሞዴል ቁጥር ጻፉና ሻጩ ሶፍትዌሩን በዚያው ልክ ይጫንላችሁ። ኤልቪዲኤስና ኢዲፒ የሚባሉት ሁለት የስክሪን ማገናኛ ዓይነቶች 30 ፒን ሊኖራቸው ይችላል፤ ቢመሳሰሉም አንዱ ለሌላው አይሆንም። ቦርዱ ላይ ያለችውን የቮልቴጅ መምረጫም እዩ። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን 3.3 ነው የሚፈልገው፤ 12 ላይ ካገኛችሁት ሳትሰኩ መልሱት።

ሁሉ ደህና ሆኖ ምስል እምቢ ካለ፣ ፓይ 4 ሁለት የኤችዲኤምአይ (የምስል ገመድ) ቀዳዳ አለው። ለኃይል መግቢያው ቅርብ የሆነው ላይ ሰኩ።

(«በድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ ብሠራውስ?» ለምትሉ፦ ይቅርባችሁ። ከሶኬት ተነቅሎም አደገኛ ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።)

ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ይንቀራፈፋል

ሙቀት ነው። ፓይ 4 ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጣውላ ደግሞ ሙቀት አያሳልፍም። ከታች ቀዳዳ፣ ከላይ ከኋላ በኩል ቀዳዳ፣ እዚያው ወደ ውጭ የሚነፍስ ትንሽ ፋን። የድሮው ማኪንቶሽ ያለ ፋን ነበር፤ እኔም ልኮርጅ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ስፒከሩ ያጉረመርማል

የአምፕሊፋየሩን ኔጌቲቭ ለብቻው ወደ መቀነሻው ቦርድ መልሱት፤ በብዛት ይቀንሳል። የኔ አሁንም ማውሱን ሳንቀሳቅስ ትንሽ ይንጫጫል። ለምጄዋለሁ።